ሞተርም መቅዘፊያም የሌላት ትንሽ ጀልባ በምን ትሄዳለች?

አሰላ ወይም በቆጂ ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። በበጋ ማታ ሹራብ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ብልጭታው ይታያል። ይሄ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል። ለመሆኑ ትንሽ ጀልባ መንዳት ይችላል? አዎ፣ ይችላል። ግን ጉልበቱ በጣም ትንሽ ነው።

🔹 እቤት የሚሞከረው
ሳፋ ውስጥ ውሃ ሙሉና የሃይላንድ ክዳን አንሳፉበት። የፕላስቲክ ማበጠሪያ ደረቅ ፀጉር ወይም ሹራብ ላይ ደህና አድርጋችሁ እሹት። ከዚያ ውሃውን ሳትነኩ ወደ ክዳኑ አስጠጉት። ክዳኑ ማበጠሪያውን ይከተላል። ማበጠሪያው በመታሸቱ ኤሌክትሮን ይሰበስባል፣ ይሄም ውሃውንና ክዳኑን ወደ ራሱ ይስባል ማለት ነው። ማበጠሪያው ከረጠበ ኃይሉ ይጠፋል። ክረምት ላይም አየሩ ስለሚረጥብ እምብዛም አይሰራም። የበጋው ደረቅ አየር ይሻላል።

🔹 በራሷ የምትሄደዋስ?
እዚህ ላይ «የአዮን ንፋስ» ይመጣል። ጀልባዋ ላይ ከፊት ቀጭን ሽቦ፣ ከኋላ ሰፋ ያለ ፎይል ይደረጋል። በመካከላቸው ብዙ ሺህ ቮልት ሲለቀቅ በሽቦው ዙሪያ ያለው አየር ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ወደ ፎይሉም ይሮጣል። ሲሮጥ ሌላውን አየር እየገፋ ንፋስ ይፈጥራል። አየሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ፊት ትሄዳለች። የሚሽከረከር ነገር የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ሆክስቢ የኤሌክትሪክ ንፋስን በ1709 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪ ስቲቨን ባሬት ከቡድኑ ጋር 2.45 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን በዚሁ መንገድ 60 ሜትር ያህል አብርሯል። የተጠቀሙት 40,000 ቮልት ነበር። ህዋ ላይም የናሳ «ዲፕ ስፔስ 1» በ1998 እ.ኤ.አ. በአዮን ሞተር ተጉዟል። የዚያ ሞተር ግፊት ከሁለት ወረቀት ክብደት አይበልጥም ነበር። ህዋ ላይ የሚያዘገይ አየር ስለሌለ ትንሿ ግፊት ቀስ በቀስ ትጠራቀማለች። ውሃ ላይ ግን ውሃው ራሱ ወደ ኋላ ይይዛል፣ ለዚህ ነው ከአሻንጉሊት ጀልባ ያላለፈው።

🔹 ከፍታስ ለውጥ አለው?
አለው። አሰላ ከባህር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ብልጭታ የሚዘለው በአነስተኛ ቮልት ነው። ባህር ዳርቻ ያለ ሰው ሽቦውንና ፎይሉን ያራራቀበት ርቀት እዚህ ላይበቃ ይችላል ማለት ነው።

⚠️ ይሄን አትሞክሩ
«ከአሮጌ ቲቪ ሃይ ቮልቴጅ ላውጣ» የሚል ሀሳብ ከመጣባችሁ ተዉት። የድሮው ባለ ትልቅ ቱቦ ቲቪ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ደግሞ ሰው ይገድላል። አጠገባችሁ ውሃ ሲኖር አደጋው ይብሳል።

በማበጠሪያው ጀምሩ። ሳይንሱ ያው ነው፣ አደጋ ግን የለውም። ማን ክዳኑን ከሳፋው ጫፍ እስከ ጫፍ እንዳደረሰ ኮሜንት ላይ ንገሩን።