የሞጣው ድልድይና የአምስት ኪሎው ሬዲዮ

ስሙኝማ የቢቸናና የሞጣ ሰዎች! ሌላውም ቢያዳምጥ አልከለክልም፤ ወሬ ተቆርሶ አያልቅም፣ ለሁሉም ይበቃል። ዛሬ የማወራችሁ ማንም ሳይከፍላቸው እጃቸውን በግሪስ ስለሚያቆሽሹና ከሬዲዮ ጋር ሌሊቱን ስለሚያነጉ ሰዎች ነው። «ሥራ ፈቶች!» የሚል አይጠፋም። ይበል። ብቻ እስከ መጨረሻው ይቆየኝ፤ ወሬው የሚጀምረው ከዚሁ ከሞጣ ሥር ነውና።

ከሞጣ ተነስታችሁ ወደ አባይ ቁልቁል ስትወርዱ በዓፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ታገኛላችሁ። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረና ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ 60 ዓመት ያህል ሰው በምን ተሻገረ? በገመድ! እዚህ ማዶ ጎረምሶች፣ እዚያ ማዶ ጎረምሶች ገመድ ይዘው ይቆማሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በአየር ላይ ይጎተታል፤ ከሥሩ አባይ ያገሳል። ለቅሶ የሚደርስም፣ ገበያ የሚወጣም፣ ዘመድ የሚጠይቅም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ነው የሚሻገረው።

በ1993 ዓ.ም. ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ይህን የገመድ መሻገሪያ በፎቶግራፍ አወጣው። መጽሔቱ የዓለምን ግማሽ አቋርጦ አሜሪካ ውስጥ ኬን ፍራንዝ ከሚባል የግንባታ ሥራ ተቋራጭ እጅ ገባ። እንዴት ገባ ትሉኝ እንደሆነ፣ ሰውዬው መኪናውን ለጥገና አስገብቶ ተራ ሲጠብቅ ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ ያነሳው መጽሔት ነው። አያችሁ! በእኛ ጋራዥ ቢሆን የሚያገኘው አንድ የተሰባበረ አግዳሚ ወንበርና «ዛሬ ማታ ያልቃል» የሚል የመካኒክ ውሸት ነበር። እዚያ ግን መጽሔት ነበረ፤ ሰውየውም ፎቶውን አይቶ ገጹን አልገለጠም፤ «ይህን እኮ እኔ መሥራት እችላለሁ» አለ።

በ1994 ዓ.ም. በጎ ፈቃደኞች ይዞ መጣ። ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው ብረቱን ወደ ገደሉ አውርደው በስብራቱ ላይ ዘረጉት፤ ሰውም በእግሩ ተሻገረ። እውነቱን ለመናገር ያ ብረት ብዙ አልቆየም፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ የአባይ ሙላት ጠርጎ ወሰደው። እነሱም ተመልሰው በገመድ ብረት የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ሠሩ። ከዚያች ከጋራዥ ወንበር የተነሳው ድርጅት፣ የሮታሪ ክለቦች እያገዙት፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ በመቶ የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮች ሠርቷል። የመጀመሪያው ግን የእናንተው ነው፤ ሌላ ቦታ ቢጠይቋችሁ እንዳታፍሩ።

መኪና ካነሳን አይቀር፣ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን እያስገፋና እያስጎተተ ከባሕር ጠረፍ አዲስ አበባ ድረስ አመጣ። መንገድ የሚባል በሌለበት አገር! ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊም ብዙ ሳይቆይ በሌላ መኪና ተከተለው። ዳግማዊ ምኒልክ ተሳፍረው አዩት፤ ወደዱት። የመኪና ፍቅር በአገራችን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልበረደም። ልክ በ67ኛው ዓመት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በትንሽ ቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይሱ ቆሞ ቀረ፤ ዙፋኑን የሸኘችው ቮልስ ሆነች።

ይህቺው ቮልስ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ወዳጆቿ ብዙ ናቸው። ተሰባስበው ይወጣሉ፣ ቀለም ይመርጣሉ፣ መለዋወጫ ይፈላለጋሉ። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ ግን አላየውም። ፋብሪካው የመጨረሻዋን የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. አውጥቶ ምርቷን አቁሟል። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቮልስ በመንገድ ላይ የምትኖረው አንዱ ለሌላው ካርቡራተር ስለሚያውስ፣ ያረጀው መካኒክ ለወጣቱ ስለሚያሳይ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው። ይህን የሚያውቅ እጅ ከጠፋ መኪናዋም ጠፋች ማለት ነው።

ክለብ ማለት ደግሞ የግድ ማኅተምና ሊቀ መንበር አይደለም። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ አንድ ቅጥቅጥ መንገድ ላይ ቆመ እንበል። ረዳቱ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላ አነጠፈ፤ ሹፌሩ ከሥር ገብቶ ተኛ። ጭነት የያዘ አይሱዙ የሚነዳ ወጣት ከፊት መጣና ሳይለመን ዳር ያዘ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?»

«ባሌስትራው ነው ልጄ። ለቀቀኝ።»

«ክሪክ አለዎት?»

«አለ፤ አልደርስ አለኝ እንጂ።»

«ይቆዩ፣ የኔን ላምጣ።»

ስም አልተጠያየቁም፤ ገንዘብም አልተነሳም። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለውን የአባይ በረሃ የሚያውቅ ሹፌር ዛሬ ያላቆመለት ነገ እንደማይቆምለት ያውቃል። የዚህ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ይኸው ነው፤ ሌላ አንቀጽ የለውም።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልግባ፤ ዋናው ነገሬ እሱ ነው።

ሬዲዮ ስል የምታዳምጡትን ማለቴ አይደለም። እሱንማ ማን ያጣዋል! የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ማን አለ? የመጽሐፉ ባለታሪክ፣ የዲማ ጊዮርጊሱ ተማሪ በዛብህ፣ በሬዲዮ ተመልሶ ቢቸና ቤት ለቤት ገባ ማለት ነው። እኔ የምላችሁ ግን መልሳችሁ የምትናገሩበትን ሬዲዮ ነው። አማተር ሬዲዮ ይባላል። ተራ ሰው ተፈትኖ፣ ፈቃድ ይዞ፣ በገዛ መሣሪያው ከሌላ አገር ሰው ጋር የሚነጋገርበት። ዓለም አቀፉ ደንብ ሲተረጉመው ራስን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ቴክኒክ ለመመርመር፣ ያለ አንዳች የገንዘብ ጥቅም የሚደረግ ነው ይላል። ልብ በሉልኝ፤ ገንዘብ ከተቀበሉበት አማተር መሆኑ ይቀራል። በጎ ፈቃድ በሕግ የተጻፈበት እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አላውቅም።

አጀማመሩ ያስቃል። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የአሜሪካ መንግሥት ረጃጅሙን ሞገድ ለመርከብና ለጦር ኃይል ያዘና «ከ200 ሜትር በታች ያለው አጭር ሞገድ ሩቅ አይሄድም፣ ለማንም አይረባም» ብሎ ለአማተሮች ጣለላቸው። እነሱም በተጣለው ሞገድ ሲጫወቱ ቆይተው በኅዳር 1916 ዓ.ም. አንዱ ከፈረንሳይ፣ አንዱ ከአሜሪካ ሆነው አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። የማይረባው ሞገድ ከሁሉ ሩቅ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ! ምሥጢሩ ከላይ ነው። ከምድር በላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር አንስቶ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር አለ፤ አጭሩ ሞገድ እዚያ ሲደርስ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል፣ የአባይ በረሃ ጩኸታችሁን እንደሚመልሰው። ለዚህ ነው የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት ቢገተር አጭር ሞገድ የማይከለከለው፤ በላዩ ዘሎ ይሄዳል።

ለጎጃምም እንዲህ ያለው ሬዲዮ እንግዳ አይደለም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመራው «ሚሽን 101» ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ የሬዲዮ መገናኛውን በእንስሳ ጭኖ ነበር። ከአርበኞቹ ዘንድ ሆኖ ከካርቱም ጋር የሚነጋገረው በዚያ ነው። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ ጠላትን እረፍት በነሳበት ዘመን ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሞገድ በሰማይ ይመላለስ ነበር።

አማተሮቹስ? በንጉሡ ጊዜ አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ትልቅ የአማተር ክለብ ነበረ። ዘመን ሲለወጥ ያ ሁሉ ዝም አለ። ዛሬ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ያለው አምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው። መጠሪያው «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ነው፤ «ኢ ቲ» የሚለው ለአገራችን የተሰጠ መለያ ነው። ጣቢያውን ሲድ ሜይ የተባሉ ሰው ለብዙ ዓመታት እንደ ቤታቸው ጠበቁት። ከውጭም አማተሮች በራሳቸው ወጪ እየመጡ አንቴና ሰቀሉ፣ መሣሪያ ጠገኑ፣ ተማሪዎችን አስተማሩ።

አንድ ተማሪ ማይክሮፎኑን ይዞ «ሲ ኪው፣ ሲ ኪው» ሲል፣ ማለትም «የሰማ ሁሉ ይመልስ» ሲል፣ የሚሆነውን ብታዩ! ከኢትዮጵያ የሚናገር አማተር ጥቂት ስለሆነ ዓለም ሲሻማበት ነው። ጃፓኑ፣ ጣሊያኑ፣ ብራዚሉ በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ተማሪው ከዚያ ጫጫታ አንዲት ድምፅ ለይቶ፣ መለያዋን መዝግቦ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሲለያዩ «73» ይባባላሉ፤ መልካም ምኞት ማለት ነው። ሰዓቱን የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ በዚያ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ለእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ስለሆነ ሦስት መቀነስ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው። በኋላ ተነጋገርን የሚል ማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይላላካሉ። ካርዱን የሚያከፋፍለውም ሰው በነፃ ነው የሚሠራው።

«ይህ ሁሉ ጨዋታ ለምን ይረባል?» ላላችሁኝ፣ ቦስተንን ልንገራችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. የቦስተን ማራቶንን ሌሊሳ ዴሲሳ አሸነፈ፤ አገር ደስ አለው። ከሰዓታት በኋላ ከፍጻሜው መስመር አጠገብ ቦምብ ፈነዳ። ስልኩ ተጨናነቀ፤ እናት ልጇን መጥራት አቃታት። በሩጫው መንገድ ዳር ዳር ግን እንደየዓመቱ የአማተር ሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች ቆመው ነበርና እነሱ መልእክት ማስተላለፋቸውን ቀጠሉ። ሌሊሳም ሜዳሊያውን መልሶ ለከተማይቱ ሰጠ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል አንዳማን ደሴቶችን ሲመታም እዚያ ለጨዋታ ሄደው አንቴና የዘረጉ የሕንድ አማተሮች ነበሩ፤ ጨዋታውን ጥለው የጠፋን ሰው ወሬ ለዘመዱ ማድረስ ጀመሩ። በብዙ አገር የመኪና ራሊ ሲደረግም በየተራራው ቆመው «ቁጥር ይህን ያህል አልፏል፣ ያኛው ተገልብጧል» የሚሉት እነዚሁ ናቸው። የመኪና ወዳጁና የሬዲዮ ወዳጁ እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

ሌላም የሚገናኙበት አለ። የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ በመኪና ባትሪ! መብራት ቢጠፋም ሬዲዮው አይጠፋም። አንቴናውስ? ለ20 ሜትሩ ሞገድ በጠቅላላ 10 ሜትር የሚሆን የመዳብ ሽቦ መካከሉ ላይ ተቆርጦ፣ በሁለት ባሕር ዛፍ መሐል ተሰቅሎ ይበቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቢቸናም ሞጣም አልጎደለም። ጆሮውም አለ። ዜማን ያለ መጽሐፍ ከመምህሩ አፍ ለቅሞ የሚይዝ፣ ቅኔን በአንድ ጊዜ ሰምቶ የሚቀበል ተማሪ ያፈራ አገር፣ ሞርስ የሚባለውን አጭርና ረጅም ድምፅ መለየት ይከብደዋል ብትሉኝ አላምናችሁም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይቻልም፤ በዚህ ቀልድ የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 ሞገድ የማስተዳደሩን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አገሩም ሬዲዮ የያዘን ሰው በጥርጣሬ የሚያይበት ጊዜ ነውና ወጣቶቻችንን ወደ ችግር የሚያስገባ ምክር አልመክርም። መጀመሪያ ማዳመጥ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። እናንተ በቢቸናና በሞጣ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበብና የሚኒ ሚዲያ መምህራን፣ አጭር ሞገድ የሚይዝ አንድ አሮጌ ሬዲዮ፣ አንድ ጥቅል ሽቦና አንድ ደብተር ፈልጉ። ልጆቹ የሰሙትን ጣቢያ፣ ሰዓቱን፣ ድምፁ ምን ያህል እንደጠራ ይጻፉ። ሹፌሮች፣ ለመኪና ደክሞ ለሬዲዮ ግን የማያንስ ባትሪ ያላችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን ስትመጡ ከሽቶው ጎን አንድ መቀበያ ሬዲዮ ያዙ። ከማዳመጥ አልፎ መናገር የፈለገ ተማሪ ሲገኝ ደግሞ የሚጠይቅበት ቦታ አምስት ኪሎ ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከቢቸና በማለዳ የተነሳ መኪና በዚያው ቀን አዲስ አበባ ይገባል።