በእንደራሴ የሚፈጸም ግብይት በቦረና ቆላ

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፥ ከያቤሎም በዱብሉቅና በሜጋ አልፎ እስከ ሞያሌ በተዘረጋው ቆላ የነበረው የንግድ ታሪክ ሲመረመር፥ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተገናኝተው፥ በአንድ ቋንቋ ተግባብተው፥ ዋጋ ቆርጠው የተለያዩበት ጊዜ ከሚታሰበው ይልቅ ጥቂት ሆኖ ይገኛል፤ በመካከላቸው ዘወትር ሦስተኛ ሰው ቆሞ፥ ለአንዱ ዐይን ለሌላው አንደበት እየሆነ፥ ገበያውን ሲያካሂድ ኖሯል። ዛሬ በባሕር ማዶ ያሉ ነጋድያን፥ በገዢው ፈንታ መርጦ የሚገዛ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ ተነሣባቸው፥ «እንግዲህ ዕቃችን በምን ተለይቶ ይታወቃል?» እያሉ ይጨነቃሉ። ይህ ጥያቄ ለደቡብ ቆላ እንግዳ አይደለምና፥ የዚህ አገር ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት እንደ መለሱት ማስታወስ የሚጠቅም መስሎ ታየኝ።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከቦረና ምድር የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፥ የገናሌን ውሃ ተከትሎ ወደ ሉግ ከተማ ይወርድ፥ ከዚያም ወደ ባራዋና ወደ ሞቃዲሾ ጠረፍ ይሻገር ነበር፤ ከባሕሩ ወገን ደግሞ የጥጥ ጨርቅ ሽቅብ ይመጣ ነበር። ኢጣልያዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. በሉግ ጣቢያ ማቋቋሙም ይህንኑ ንግድ ወደ አገሩ እጅ ለመሳብ ታስቦ ነው። በሶማሌ ምድር የሚያልፍ ሲራራ ነጋዴ ግን ያለ አባን መንገድ አይጀምርም ነበር፤ አባኑም እንግዳውን በጎሣው ጥላ ሥር የሚያስጠልል፥ ስለ እርሱ ሆኖ የሚዋዋል፥ የእንግዳው ንብረት ቢዘረፍም በራሱ ክብር የሚጠየቅ ሰው ነበር። ይህ የመጨረሻው ግዴታ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁና አንባቢ በልቡ ያቆየው።

ሩቅ ያለ ሻጭ በእንዲህ ያለ ገበያ ራሱን የሚያስታውቀው በማይለወጥ ምልክት ነው። የቪየናው ገንዘብ ማተሚያ ቤት፥ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ፥ ያንኑ ዓመተ ምሕረትና ያንኑ መልክ ሳይለውጥ የእርሷን ብር ማተሙን መቀጠሉ፥ በኢትዮጵያና በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የዘውዷን ዕንቁና የትከሻዋን ጌጥ አንድ በአንድ ተመልክቶ፥ ጉድለት ያገኘበትን ስለማይቀበል ነበር። ቪየናን በዐይኑ ያላየ የገበያ ሰው፥ የቪየናን ሥራ ከሐሰተኛው ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከብትም እንደዚሁ ምልክት አለው። የቦረና ሰው ከብቱን በጎሣው ምልክት ይተኩሳል፤ የጠፋ ከብት የሚታወቀው፥ የተሰረቀም የሚመሰከርበት በዚሁ ነው። በዱብሉቅ፥ በሐሮ በኬ፥ በነገሌና በሞያሌ ገበያዎች ከደጋ የሚመጣው ገዢ፥ ወይፈኖቹን በአዳማ ዙሪያ አደልቦ ወደ ዐረብ አገሮች ለመላክ የሚሻው ላኪም ቢሆን፥ ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም፥ የጎሣውን ምልክትም ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ በደላላው ይታመናል። የደላላው ሥራ ዋጋ ማቀራረብ ብቻ አይደለም። አምጪውን እንደሚያውቀው፥ ከብቱም የተዘረፈ እንዳልሆነ ቃሉን ይሰጣል፤ ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢነሣ የሚፈለገው እርሱ ነው። ደላላን ሁሉ እንደ ቀማኛ የሚቆጥሩ የከተማ ጸሐፍት ይህን የዋስትና ሥራ ባለማየታቸው ፍርዳቸው ጎደሎ ሆኖብኛል፤ ደላላው በሻጩና በገዢው አለማወቅ መካከል ትርፉን እንደሚያበዛ ግን እኔም አልክድም።

መግዛትን ለሌላ ሰው መስጠት የሚያመጣው መከራም በዚሁ አገር ታይቷል። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው ጦር በምግቡ ክፋትና በመጠጥ ውሃው እጦት ተማርሮ አለቆቹን ያዘ፤ ነገሩን ሊመረምር ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም ወታደሩ ከሚበላውና ከሚጠጣው እንዲቀምስ አስገደደው። በዚያው ዓመት የፈነዳው አብዮት ከዚህች ሩቅ ሠፈር እንደ ተነሣ ሁሉም ያውቃል። ወታደሩ ቀለቡን ራሱ አልመረጠም፤ ሌላ መረጠለት፤ የመረጠውም ከማዕዱ አይቀርብም ነበር።

በመግቢያዬ ያነሣሁት አዲሱ ወኪል፥ ሰው ሠራሹ አስተውሎት፥ ከማናቸውም ማዕድ አይቀርብም። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ቪዛና ማስተርካርድ እንዲህ ያለው ወኪል ስለ ሰው ሆኖ የሚከፍልበትን መንገድ አስታወቁ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ በቻትጂፒቲ እየተነጋገሩ እዚያው መግዛት የሚቻልበትን አገልግሎት ጀመረ። ይህ ገዢ የሱቅ ጌጥ አይስበውም፥ የባለሱቁ ደግነትና የቡናው ግብዣ አይደርሰውም፤ የተጻፈውን ያነባል፥ ያልተጻፈው ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ነው። እንደ አባኑም በራሱ ክብር አይጠየቅም።

የተጻፈና ያልተጻፈ ምን ያህል እንደሚለያዩ ከቦረና ከብት ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። የዚህ ዝርያ ጥንተ ምንጩ የኛው ቆላ ነው፤ ድርቅና ረጅም መንገድ ቻይነቱ፥ የሥጋውም ጥራት በቦረና አርቢዎች ትዕግሥት የተገኘ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኬንያ ደጋ የሰፈሩ የእንግሊዝ ከብት አርቢዎች በሶማሌ ነጋድያን እጅ እየገዙ ወሰዱት፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው፥ የወላጆቹን ትውልድ በመዝገብ ማስፈር ጀመሩ። ከዚያም የዝርያው ዘር እስከ ደቡብ አፍሪካና እስከ አውስትራሊያ ሲሻገር፥ የተሻገረው በኬንያ መዝገብ ነው። የቦረና ሽማግሌ የአባ ገዳዎችን ዘመን በየስምንት ዓመቱ እየቆጠረ በቃሉ ለብዙ ትውልድ የሚያወርድ፥ የላሙንም የዘር ሐረግ የሚያውቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ፥ ዕውቀቱ በአንደበቱ ስለ ቀረ፥ ሩቅ ያለው ገዢ ስለ ዝርያው ሲጠይቅ የሚሰማው የሌላውን ምስክርነት ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ማሽን ገና ገዢ ሳይሆን ነው፤ ማሽን መግዛት ሲጀምር ደግሞ ከመዝገብ ውጭ ያለው ጭራሽ ይሰወራል።

ስለዚህ ለነገሌ፥ ለያቤሎና ለሞያሌ ነጋድያን፥ ለአርቢ ማኅበራትና ለእርሻ ሹማምንት ልመና አቀርባለሁ። የወይፈኑ ዕድሜ፥ ክብደቱ፥ የወጣበት ቀዬ፥ የተከተበበት ቀን፥ የሸጠው ማኅበር ስም፥ ስለ ከብቱ ዋስ የሆነው ደላላም ስም ሳይቀር፥ በኦሮምኛ፥ በሶማልኛና በአማርኛ በእውነት ይጻፍ። በያቤሎ አቅራቢያ በዲድ ቱዩራ ዝርያውን ለማቆየት የተቋቋመ የእርባታ ሥፍራ አለ፤ የቦረና ከብት የትውልድ መዝገብ፥ ሽማግሌዎቹ ገና በሕይወት ሳሉ፥ ከዚያ ይጀመር።