ደንቆሮ ጫካ ምን ይነግረናል?

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ድንጋይ ነው። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ ውቅር፣ የጎንደር ግንብ። ድንጋይ ያልቆመበት አገር ታሪክም የሌለው ይመስለናል። መካነ ሰላምና አጅባር ሲነሱ «የት ነው እሱ ደግሞ?» የሚል ሰው የሚበዛውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ እስቲ ግንብ በሌለበት መንገድ አብረን እንሂድ።

መንገዱ የአንድ ቀን ነው። ጎህ ሲቀድ ከመካነ ሰላም የተነሳ እግረኛ የገብሱንና የባቄላውን ማሳ አልፎ ደንቆሮ ጫካ ይገባል። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ጆሮ ባይኖረው አንደበት አለው። ከታች ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይቀበላችኋል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ዛፉ እያጠረ ይሄድና አስታ ይተካዋል። ከዚያ በላይ ጓሳ ነው፤ በመካከሉ ጅብራ እንደ ዘበኛ ተገትሮ። ጭላዳው በገደሉ አፋፍ ሣሩን ይነጫል። ዕድል የቀናው ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚገኘውንና ጥቂት መቶ ብቻ የቀረውን ቀይ ቀበሮ ያያል። ከአናቱ ላይ ቆማችሁ ስታዩት አገሩ በሸለቆ የተተለተለ ነው፤ ውኃውም ሁሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

ታሪኩ ታዲያ የት አለ? ስሙ ላይ። ጫካው በ2001 ዓ.ም. በክልሉ ፓርክ ሲደረግ ቦረና ሳይንት ተባለ፤ ኋላም ወረሂመኖ ተጨመረበት። ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሳይንት የጥንቱ ቤተ አምሐራ ምድር ነው። ተድባበ ማርያም ያለችው እዚሁ ነው። ግራኝ አህመድን ድል ያደረጉት ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ራሳቸው ተቆርጦ ሐረር ተወሰደ፤ አካላቸው ግን ያረፈው በተድባበ ማርያም እንደሆነ ይነገራል።

ቦረና የኦሮሞ ስም ነው። እስከ ኬንያ ጠረፍ ድረስ ይጠራል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኦሮሞ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ስሙ እዚህ ደጋ ላይ ቀረ።

ወረሂመኖ ደግሞ የማመዶች ቤት፣ የሙስሊም ኢማሞች ግዛት ነበር። ከዚሁ ቤት የተወለዱት መሐመድ አሊ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

እንግዲህ አስቡት። እኛ ከተማ ቁጭ ብለን «አገሩ የማን ነው?» እያልን የምንጨቃጨቅባቸው ሦስት ታሪኮች ወሎ ላይ የአንድ ጫካ ስም ሆነው ተቀምጠዋል። አንዱን ብትሰርዙ ስሙ ይጎድላል።

ጫካውን ማን ጠበቀው ቢባል በአካባቢው የሚነገረው ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስከበሩት የሚል ነው። ይሁን። ነገር ግን የንጉሥ አዋጅ ዕድሜው የንጉሡን ያህል ነው። ገላውዴዎስም አለፉ፣ ሚካኤልም ወደቁ፣ የነጋሪቱም ድምፅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት መጥረቢያ ይዞ እዚህ ጫካ ዳር የኖረው ስሙ በዜና መዋዕል ያልተጻፈው ገበሬ ነው። ያውም በ1966ም በ1977ም ረሃብ ያየ የወሎ ገበሬ። ሁሉንም ቆርጦ አልጨረሰም። እኔ የታሪክ ባለቤት የምለው እሱን ነው።

ግን ገበሬውን አመስግኖ መሄድ ብቻ አይበቃም። ልጆቹ በዝተዋል፣ መሬቱ ጠቧል፣ ማገዶም ግጦሽም ያስፈልገዋል። ፓርክ ብሎ መከለል ቀላል ነው፤ ዳሩ ላይ ያለው ሰው ከጫካው መኖር ካልተጠቀመ ክልሉ በወረቀት ላይ ይቀራል። የወደቀ ግንብ በድንጋይ ይጠገናል። ያለቀ ጓሳና የጠፋ ቀይ ቀበሮ ግን በምን ይጠገናል?

አመሻሹ ላይ እግር ዝሎ ወደ መካነ ሰላም ሲመለሱ ጭጋጉ ከሸለቆው እየወጣ ጫካውን ይሸፍነዋል። ከእንግዲህ «እዚያ ምን ታሪክ አለ?» ለሚላችሁ መልሱ አጭር ነው፦ ሂድና በእግርህ አንብበው።