ደጃችሁን ሳሉ

መንዝ ላይ ሌሊቱን ያለ ዝተት ማሳለፍ ዘበት ነው። የበጉን ጠጉር ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ይሸምኑታል። የአንዱ እጅ ብቻውን ብርድ አይመልስም።

ይኼን ያስታወሰኝ እዚያው መንዝ አንድ ትምህርት ቤት ያየሁት ሥዕል ነው። ባሕር ማዶ ካሉ ተማሪዎች ጋር ሥዕል ሊለዋወጡ ልጆቹ «አገራችሁን ሳሉ» ተብለዋል። አንዱ ምን ቢስል ጥሩ ነው? በረዶ የለበሰ፣ የጭስ መውጫ ያለው ቤት! ጓሳ ላይ ጅብራው ቆሞ፣ ጭላዳው ሣሩን እየነጨ፣ ልጁ ያልኖረበትን ቤት ሊልክላቸው ነው። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እነሱ የሚወዱት ይኼን መስሎኝ» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ጥያቄው የቆየ ነው፤ ወደ ሰው አገር ስንሄድ ምን ይዘን?

የመንዝ ጎረቤት ከሆነችው አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር። ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላና ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። የሚገርመው ወዲህ ነው። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕያቸውን አሳይተው እንደገና አውሮፓን ሲዞሩ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ያጠኑት የገዛ አገራቸውን የብራና ሥዕል ነበር። የአባቶቻቸውን ቀለም ፍለጋ ባሕር ተሻገሩ ማለት አይደል? የባለ ቀለም መስታወት አሠራርንም ከፈረንጅ ተማሩ፤ በአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ላይ ያሳዩን ግን የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ነው።

ወዲህ የመጣም አለ። በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተማሩ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡት ዘሪሁን የትምጌታ በዚሁ ጥበብ ታወቁ፤ በኋላ ደግሞ ለሸማኔ ዕቃ በሚያገለግል የቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ይስሉ ጀመር። ከእንግዳው እጁን ወሰዱ፤ ቀርከሃው ግን የደጃቸው ነው።

ልውውጥ ድርና ማግ ነው፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን ክር ካላመጣ ምኑ ይሸመናል? ባሕር ማዶ ያለው ልጅ በረዶ የለበሰ ቤት ሞልቶታል። ጅብራውን፣ ጭላዳውን፣ የእናትን እንዝርት ግን ከመንዝ ልጅ በቀር ማን ይልክለታል?

እና መምህራን ሆይ፣ ወረቀቱን ስታድሉ «አገራችሁን» ማለቱ ይቅርና «ደጃችሁን ሳሉ» በሏቸው።