ኮሎኖስኮፒ ታዘዘላችሁ? ከዋዜማው እስከ ማግስቱ ሰውነታችሁ ላይ የሚሆነው ይኸውላችሁ

ሰገራ ላይ ደም ሲታይ አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንሮጠው ፋርማሲ ነው። «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል፤ ካልሆነም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ዝም ይባላል። በእኛ አካባቢ ግምቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። አሜባ አለ። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያና በወንጂ የመስኖ ቦዮች አካባቢም ሰገራን ከደም ሊቀላቅል የሚችለው ቢልሃርዝያ የቆየ ችግር ነው። ሁለቱም በሰገራ ምርመራ ሊገኙ ይችላሉ፣ መድኃኒትም አላቸው።

ታክማችሁ ደሙ ካልቆመ፣ ያለምክንያት ከከሳችሁ፣ ደም ማነስ ከመጣ ወይም የሰገራችሁ ሁኔታ ለሳምንታት ከተቀየረ ግን ሐኪም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት ይፈልጋል። ኮሎኖስኮፒ ማለት ይሄ ነው። «የሽማግሌ በሽታ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብላክ ፓንተር ላይ የተወነው ቻድዊክ ቦስማን በ2020 እ.ኤ.አ. በትልቁ አንጀት ካንሰር ሲሞት ዕድሜው 43 ነበር።

ወረቀቱን ተቀብሎ በፍርሃት ወይም በሀፍረት ቀጠሮውን የሚተው ሰው አለ። ስለዚህ ምን እንደሚሰማችሁ በቅደም ተከተል እንንገራችሁ።

ከ2 ወይም 3 ቀን በፊት

ፍሬና ገለባ ያለው ምግብ ይቆማል፤ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም። እንጀራም ፋይበር ስላለው ሊከለከል ይችላል። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና እንቁላል ይሻላሉ። ለደም ማነስ የአይረን እንክብል የሚወስድ፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ያለው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቀጠሮ ሲይዙ ለሐኪሙ ይናገሩ። በራሳችሁ መድኃኒት አታቁሙ።

ዋዜማው

እውነቱን ለመናገር ከምርመራው የሚከብደው ይሄ ቀን ነው። ምግብ የለም፤ ውሃ፣ ሻይ ያለ ወተት፣ ስፕራይት፣ የተጠለለ መረቅ ብቻ። ቀይ መጠጥ በካሜራው ደም ሊመስል ስለሚችል አይጠጣም። በሁዳዴ ጾም ላይ ያለ ሰው መረቁን ትቶ በሌላው መዝለቅ ይችላል። ረመዳን ላይ ከሆነና ጉዳዩ የማይቸኩል ከሆነ ቀኑን ስለማስቀየር ሐኪሙን ጠይቁ።

አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት በውሃ የሚበጠበጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይሆናል። ጨው ጨው ይላል፤ ቀዝቀዝ ሲል ለመጠጣት ይቀላል። ትንሽ ቆይቶ ሆድ ይጮኻል፣ ይነፋል፣ ይቆርጣል። ከዚያ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። ማቅለሽለሽና ብርድ ብርድ ማለትም ያጋጥማል። መቀመጫችሁ እንዳይቃጠል አስቀድማችሁ ቫዝሊን ቀቡ፤ በሶፍት ከመፈተግ በውሃ መታጠብ ይሻላል። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ጀሪካኑን ቀድማችሁ ሙሉ።

መጨረሻ ላይ የሚወጣው ሽንት የሚመስል ንጹህ ቢጫ ውሃ ከሆነ አንጀታችሁ ታጥቧል። «ሆዴ ባዶ ነው» ብሎ የቀረውን መድፋት አያዋጣም። አንጀቱ ካልጠራ በሽታው ሊደበቅ ይችላል፤ ምርመራውም እንደገና ከዜሮ ሊጀመር ይችላል።

መንገድ ያለባችሁ

የመድኃኒቱ ግማሽ ብዙ ጊዜ የሚጠጣው በምርመራው ዕለት ከጠዋቱ በፊት ነው። ቀጠሯችሁ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ጥቁር አንበሳም ይሁን ቅዱስ ጳውሎስ ወይም የግል፣ ዋዜማውን እዚያው እደሩ። ከአዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም «ወራጅ አለ» ብላችሁ የምትወርዱበት አይደለም። ከባቱና ከሻሸመኔ ለሚመጣ ደግሞ ይብሳል።

አልጋው ላይ

ጋውን ትለብሳላችሁ፤ በደም ሥር የሚያስተኛ ወይም የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጣል። የትኛው እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በግራ ጎናችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን ወደ ሆድ ታጥፋላችሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ ጄል በተቀባ ጓንት በጣቱ ያያል፤ ቀጥሎ የጣት ውፍረት ያህል፣ የሚተጣጠፍ፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቱቦ ይገባል።

በደንብ ከተኛችሁ ምንም አታስታውሱም። በከፊል ከነቃችሁ አንጀቱ በአየር ስለሚነፋ ሆድ ይወጠራል፣ ሽንት ቤት የመጣባችሁ ይመስላችኋል። ቱቦው ማጠፊያዎቹን ሲያልፍ ቁርጠት ይመጣና ይሄዳል። ነርሷ ሆዳችሁን ልትጫን ወይም «ተገልበጡ» ልትል ትችላለች። አየር ቢያመልጣችሁ አትፈሩ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የተለመደ ነው። ካመማችሁ ግን ተናገሩ። ናሙና ሲቆረጥ ግን ሕመም አይሰማችሁም። ፖሊፕ የሚባል ትንሽ እብጠት ከተገኘ እዚያው ሊነሳ ይችላል፤ ይህም አንዳንዱ ወደ ካንሰር ከመቀየሩ በፊት መከላከል ነው። ሁሉም ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ

ሆዳችሁ ለጥቂት ሰዓታት እንደተነፋ ይቆያል፤ አየሩ ሲወጣ ይቀላችኋል። ማደንዘዣ ከወሰዳችሁ ለ24 ሰዓት መኪና፣ ባጃጅም ሆነ ሞተር አትንዱ። የግድ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ያዙ፤ ሐኪሙ የሚነግራችሁን ፈዛችሁ ልትረሱት ስለምትችሉ እሱ ይስማላችሁ። ናሙና ከተወሰደ ትንሽ ደም ጠብ ማለቱ ያለ ነው።

የአንጀት መበሳት ከባድ ግን ብርቅ አደጋ ነው፤ በአብዛኛው ከ1,000 ምርመራ ከ1 ያነሰ። ሆድ ድንጋይ ሆኖ በኃይል ካመመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ብዙ ደም ከወጣ፣ ትውከት ወይም ራስ ማዞር ከበረታ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ቅርባችሁ ያለ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ፖሊፕ የተነሳለት ሰው እስከ 2 ሳምንት ድረስ ደም ሊፈሰው ስለሚችል ይከታተል።

ቀጠሮ ያለባቸው እናት፣ አባት ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይሄን አንብቡላቸው፤ ዕለቱ ሲደርስ ደግሞ አብራችኋቸው ሂዱ።