ስም ያላቸው አበቦች

ሳህን ላይ አበባ መሳል አዲስ ነገር አይደለም። ቤታችሁ ያለው የቡና ሲኒ ላይም አታጡትም። ግን ያ አበባ ምን ይባላል? ሥሩስ ምን ይመስላል? ማንም አይጠይቅም፤ ጌጥ ነዋ! ዛሬ የማወራችሁ እያንዳንዱ አበባ ስም ስላለው የገበታ ዕቃ ነው፤ ስለ ዴንማርኩ «ፍሎራ ዳኒካ»።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1761 ጌኦርግ ክርስቲያን ኦደር የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ፣ በዴንማርክ ንጉሥ ግዛት በዱር የሚበቅለውን ተክል ሁሉ በሥዕል የሚያሳይ ሥራ ማሳተም ጀመረ። በ1883 ሲያልቅ 3,240 የሥዕል ገጾች ነበሩት። 122 ዓመት! በኛ ሙያ አምስት ዓመት የቆየ ኮድ «አርጅቷል» ይባላል።

መጽሐፉ ገና ሳያልቅ፣ በ1790፣ ሥዕሎቹ ፖርሴሊን ላይ እንዲሳሉ ለኮፐንሃገኑ ንጉሣዊ ፋብሪካ ትእዛዝ መጣ። ለሩሲያዋ ንግሥት ለታላቋ ካትሪን ስጦታ ታስቦ ነበር ይባላል። እሷ በ1796 ሞተች፤ ሥራው ግን አልቆመም።

ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሳለው አንድ ሰው ነው፤ የኑርንበርጉ ዮሐን ክሪስቶፍ ባየር። ሲጀምር ሃምሳውን አልፏል። ቀለሙ ከብረታ ብረት ኦክሳይዶች ስለሚሠራ እሳት ሲነካው መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ሲቀባ የሚያየው ቀለምና ከምድጃ የሚወጣው ቀለም አንድ አይደሉም። ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ማጥፋት የለም። በ1802 ሥራው ሲቆም 1,802 ዕቃዎች ተሠርተው ነበር። የባየርም ዓይን ደክሞ ነበር።

እኔን የገረመኝ ግን ብዛቱ አይደለም። ባየር ተክሉን አላሳመረውም። መጽሐፉ ሥሩን ካሳየ እሱም ከነሥሩ ሳለው። ግንዱ ከሳህኑ ሲረዝምበት ለሁለት ከፍሎ ጎን ለጎን አስቀመጠው፤ የጌጥ ሠዓሊ ቢሆን አሳጥሮት ይገላገል ነበር። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሣር እንኳ ቦታ አግኝቷል። ሳህኑን ስትገለብጡት ደግሞ የተክሉ የላቲን ስም ከሥሩ ተጽፏል። ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ይሄ ኮመንት ነው፤ በኋላ ለሚመጣው ሰው የተተወ ማስታወሻ።

ደርቆ ወረቀት ላይ የተለጠፈ አበባ ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። የባየር ቀለም ግን በእሳት ከመስታወቱ ሽፋን ጋር ስለተዋሐደ ከ200 ዓመት በኋላም አለ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉት ዕቃዎች ዛሬም ይገኛሉ።

ሲኒያችን ላይ ያለው አበባ ነገ ከምድር ቢጠፋ ምን እንዳጣን እንኳ አናውቅም። ከባየር ሳህኖች አንዱ ላይ ያለው ቢጠፋ ግን ቅጠሉን፣ ሥሩንና ስሙን ይዘን ልንፈልገው እንችላለን። ውበትን ማቆየት ማለት ለኔ ይሄ ነው።