ዕፀ ፋርስ

ያዮ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ጎረምሳ ከስልኩ «ዕፀ ፋርስ ለአልዛይመር መድኃኒት ሊሆን ነው» የሚል ዜና አነበበልን። ቡና የሚቀዱልን እማማ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው «ያ መንገድ ዳር የሚበቅለው? እሱ እኮ ያሳብዳል ልጄ!» አሉ።

ልክ ናቸው። ቃሉ ሁለት ተክል ተሸክሟል። ጋዜጠኛው ካናቢስን ዕፀ ፋርስ ይለዋል፤ ብዙ ሰው ግን በዚህ ስም የሚያውቀው አስተናግርን ነው፦ አበባው መለከት የመሰለ፣ ፍሬው እሾሃም። የበላውን ያስለፈልፋል፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። በውስጡ ያለው ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ያግዳል፤ ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታን ለማጥናት አይጦችን የሚወጉት ይህንኑ ነው። ትውስታን የሚነጥቀውና ይጠብቃል የተባለው በአንድ ስም ሲጠሩ አያስደነግጥም?

ዜናው የካናቢስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የካሊፎርኒያው ሳልክ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ቲኤችሲ የተባለው የካናቢስ ንጥረ ነገር በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የተከማቸውን፣ ከአልዛይመር ጋር የሚያያዘውን ቤታ አሚሎይድ ፕሮቲን ሲቀንስና የሕዋሳቱን መቆጣት ሲያበርድ አይተዋል። ያውም ላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ ሕዋሳት እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ቸኩሏል።

እኔ ካናቢስን ካናቢስ፣ አስተናግርን አስተናግር እላለሁ። እማማ ግን ሁለተኛውን ቡና ሳይቀዱ ጎረምሳውን ከአጥሩ ሥር ያለውን እንዲነቅል ላኩት።